ወገቤን ነው በያት

ሰው ሁሉ የስደቱን ወሬ ሲጀምር «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በዳባት የገበያ ቀን ነው። ይህን ብልሃት ያስተማረኝ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ነበር። «በሌሊት የሚሄደውን ዘበኛ ያየዋል፤ በገበያ የሚሄደውን ማን ያየዋል?» አለኝ፣ መርፌ እየቀቀለ፣ ፊቱን እንኳ ወደኔ ሳያዞር።

ይታይሽ እባላለሁ። በዚያ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ኪኒን አድላለሁ። አንድ ቀን ጭኑን በጥይት የተመታ ሰው መጣ፣ አጥቤ አሰርኩለት። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለካስ ሰውየው የሚፈለግ ኖሯል። ሳምንት ሳይሞላ የአብዮት ጥበቃዎች በሰፈሩ ስሜን ሲጠይቁ ዋሉ። በደርግ ጊዜ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙ የተጠየቀ ሰው ውሎ አድሮ አይገኝም ነበር።

እናቴ ገበያው ዳር ነጭ ሽንኩርት ዘርግታለች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። በሶ በከረጢት ቋጥራ ከሽንኩርቱ ጆንያ ሥር ደብቃልኝ ነበርና አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። አለቀሰች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አላለቀሰችም። ደንበኛ መጣባት፣ ዋጋ ተከራከረች፣ ሸጠች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዳገቱን ስትጨርሺ ዞረሽ እንዳታዪኝ» አለችኝ። «ካየሽኝ እጮሃለሁ። ከጮህኩ ሁለታችንም አለቅን።»

ተነሣሁ። ወደ አርማጭሆ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር፣ አህያ እየነዳሁ፣ የአንዱ ነጋዴ ሚስት መስዬ ወጣሁ። አልዞርኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም የሚያኮራኝም እሱ ነው።

ዳባትን የምታውቁ ብርዱን ታውቃላችሁ። ጧት ጧት ጉሙ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ሰው ከጋቢው ውስጥ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ነው ሰላም የሚባባለው። ያን ብርድ ስረግመው ኖሬ፣ ቆላ በገባሁ ማግስት ይቅርታ ጠየቅሁት። በቅል የያዝነው ውሃ እንደ ሾርባ ይሞቃል። ጋቢዬን መጀመሪያ ከራሴ፣ ቀጥሎ ከትከሻዬ አውርጄ፣ በመጨረሻ አህያዋ ላይ ጫንኩት፤ አህያዋም የጠላችው ይመስለኝ ነበር። የሰሊጡን እርሻ አቋርጠን ድንበር ስንሻገር፣ ድንበር መሆኑን ያወቅሁት ነጋዴዎቹ በአማርኛ መሳደባቸውን ትተው በዐረብኛ መሳደብ ሲጀምሩ ነው።

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ስደተኛ የሚመዘግበው ሹም እንግሊዝኛ እችላለሁ ባይ ነበር።

«ሥራሽ?»

«ድሬሰር።»

«ድሬስ? ቀሚስ?»

«አይደለም፣ ቁስል ነው የማስረው። ሐኪም ቤት።»

«እሺ፣ የሐኪም ቤት ቀሚስ» አለና ጻፈ። የሰጠኝን የስደተኛ ካርድ ሳስነብበው ልብስ ሰፊ ሆኛለሁ። ይታረምልኝ ብዬ ብመለስ፣ «መንግሥት አይሳሳትም፤ መስፋት ተማሪ» አለኝ። ከመርፌ ወደ መርፌ ተዛወርኩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ካርዴን አይቶ የሚቀጥረኝ ሆስፒታል ጠፋ።

ቤት ያከራዩኝ ሐጃ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ኪስራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ኪስራ ማለት የነሱ እንጀራ ነው፤ ስስ ነው፣ ጎምዘዝ ይላል፣ ግን ዓይን የለውም። ዓይን የሌለው እንጀራ መጀመሪያ የበላሁ ቀን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የሚያየኝ ሰው የሌለ ያህል ሆዴ ባባ።

«ስንት ናችሁ?» አሉኝ ሐጃ፣ ቁልፉን በጣታቸው እያሽከረከሩ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩ በቃረምኳት ዐረብኛ።

«ሐበሻ ሁሉ ብቻዬን ነኝ ብሎ ይገባል። ከዚያ ወንድም ይመጣል፣ ከዚያ የወንድም ሚስት፣ ከዚያ ከበሮ።»

«ከበሮ የለኝም።»

«ይመጣል» አሉ። ቁልፉን ግን ሰጡኝ።

ሥራ ያገኘሁት በእንግሊዝኛዬ ነው። ጎንደር ሄጄ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሴ ለዚህ ቀን ኖሯል። የፈረንጅ ሐኪሞች ለስደተኛው ክሊኒክ ከፍተው አስተርጓሚ ይፈልጉ ነበር። አስተርጓሚ የሚያቀርብላቸው አንድ ወኪል ቢሮ ነው። የቢሮውን ባለቤት ሁላችንም «ሙዲር» ነበር የምንለው፣ አለቃ ማለት ነው። ጥቁር መነጽሩን ጥላ ውስጥም አያወልቅም።

ውል አወጣና ፈርሚ አለኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንደኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ በማስተርጎሙ ሥራ በበሽተኛው፣ በሐኪሙ ወይም በክሊኒኩ ላይ ማናቸውም ጉዳት ቢደርስ፣ ምክንያቱ ምንም ቢሆን፣ ኃላፊነቱ በሙሉ የአስተርጓሚዋና የዋሷ ነው፤ ቢሮው አይጠየቅም።

«ይህ ‹ምክንያቱ ምንም ቢሆን› የሚለው ምንድነው?» አልኩት።

«ልማድ ነው።»

«ጥፋት ሳላጠፋ ጉዳት ቢደርስስ?»

«ካላጠፋሽ ምን ያስፈራሻል?»

«እንግዲያው ‹ካጠፋች› ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ካርዴን አንሥቶ አየ። «አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ ጠበቃ?»

«የርስዎ ሠራተኛ ከሆንኩ እርስዎም መጠየቅ አለብዎ ብዬ ነው።»

«ሠራተኛዬማ አይደለሽም። ፍሪላንስ ነሽ።» ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጠው። «ፍሪ! ነፃ ነሽ ማለት ነው።»

«ነፃ ከሆንኩ ካርዴን ለምን ይይዙታል?»

«እንዳይጠፋብሽ» አለና መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። «አሁን ከፊል አምጪ።»

ከፊል የሚሉት ዋስ ነው። በእኛ ቋንቋ ከፊል ማለት ግማሽ ነው፤ እዚያ ግን ከፊል የሆነ ሰው ሙሉውን ነው የሚከፍለው። ዋስ ሁኑኝ ብሎ ባዕድ መለመን እንዴት እንደሚያሳፍር የኛ አገር ሰው ያውቃል። እኛ ዘንድ ዋስ የሚሆን ዘመድ ነው፤ ዋስ ያጣ ሰው ማለት ዘር የሌለው ሰው ማለት ነው። ሐጃ ፊት ቆሜ እንደ ልጅ መሬት በእግሬ ስጭር ዋልኩ። በመጨረሻ ስናገረው ሳቁ። «ወንድምም አልመጣ፣ ከበሮም አልመጣ። እሺ» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙልኝ። አንቀጹን አላነበብኩላቸውም ብላችሁ እንዳታሙኝ፤ አንብቤላቸዋለሁ። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ወረቀት ሁሉ ክፉ ነገር ነው የሚለው፤ ክፉ ነገር ባይል በቃል ይበቃ ነበር።»

ሥራው ራሱ መልካም ነበር። ከአርማጭሆ የመጣች እናት ታማ ገብታ፣ «እንዴት አደሩ» ስላት ገና ሕመሟን ሳትናገር እንባዋ ዱብ ይላል። ቋንቋ ለስደተኛ ግማሽ መድኃኒት ነው። እኔም ነጭ ሽርጥ ባልለብስም የሐኪም ቤት ሽታ ውስጥ ተመልሼ ነበርና ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጧት ታዲያ በሩን ከፍተው የገቡት መምሬ ተገኘ ሆኑ።

መምሬ ተገኘ የቤታችን የነፍስ አባት ናቸው። ያጠመቁኝ እሳቸው፣ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ኃጢአቴን የሰሙት እሳቸው። እኔ ስለሳቸው የማውቀው ግን ምንም አልነበረም። የነፍስ አባት እንዲያ ነው፤ እሱ ያውቅሃል፣ አንተ አታውቀውም። ልጃቸው ጫካ ገባ ተብሎ ሲዛትባቸው እሳቸውም በኔ መንገድ ወርደው መጥተው ኖሯል። ጥምጥማቸው አቧራ መስሏል። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ።

«ይታይሽ! አንቺ እዚህ ነሽ! እናትሽ ደህና ናት፣ አይዞሽ፤ ስመጣ ገበያ ላይ አይቻታለሁ።» ከዚያ ዙሪያውን ቃኙ። «ሐኪሙ የት አለ?»

«እሷ ናት አባቴ» አልኩ ዶክተሯን እያሳየሁ።

ዶክተሯን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሩን አዩ። «ሴት ናት እንዴ?»

«ጎበዝ ሐኪም ናት።»

«ጎበዝነቷንማ…» አሉና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሊነሣ እንዳለ ሰው።

ዶክተሯ ምን እንደሚያማቸው ጠየቀች። ወለሉን እያዩ፣ «ወገቤን ነው በያት» አሉ። ነገርኳት። ከመቼ ጀምሮ አለች። «ከሁዳዴ ወዲህ» አሉ። ነገርኳት። ከዚያ ዶክተሯ፣ ሽንት ሲሸኑ ይቸገራሉ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ።

በእኛ አገር እንኳን ለነፍስ አባት፣ ለወንድምም ይህ በስሙ ተጠርቶ አይጠየቅም። እኛ እንደምንጠይቀው ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ ውጭ ለመውጣት ይቸገራሉ ወይ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ምን እቸገራለሁ ልጄ። ወገቤን ነው። ወገቤን ነው በያት።»

«አይቸገሩም» ብዬ ተረጎምኩ። ዶክተሯ ልትመረምራቸው ስትነሣ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። «አይሆንም» አሉ። ያንንም ተረጎምኩ። የወገብ ኪኒን ተሰጣቸውና ሄዱ። ሲወጡ አልባረኩኝም፤ ረስተው ነው አልኩ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ተስፋይ እየሮጠ መጣ። ተስፋይ የሑመራ ልጅ ነው፤ ትግርኛውንም አማርኛውንም የሚናገር፣ እንደኔው ለሙዲሩ የፈረመ አስተርጓሚ። መምሬ ሽንታቸው ተዘግቶ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ላብ በላብ ሆነው ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ የመንግሥት ሆስፒታል አስገብተዋቸዋል። ቱቦ ተደርጎላቸው ነው የተረፉት። ትንሽ ቢቆዩ ኩላሊታቸው አብቅቶለት ነበር ተባለ።

ዶክተሯ ስትሰማ ፊቷ ቀላ። «ወራት ሙሉ በሽንት ሲሰቃዩ ኖረዋል። እኔ ጠይቄ ነበር። አንቺ ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው?»

ያልኩትን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላት። አማርኛው ውስጥ ጨዋ የነበረው ነገር እንግሊዝኛው ውስጥ ራቁቱን ቀረ።

«ውጭ?» አለች። «እኔ ስለ ሽንት ጠየቅሁ፣ አንቺ ስለ በር ጠየቅሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ያን ዕለት አወቅሁት። የዳባት ልጅ ነኝ፣ ድሬሰር ነኝ፣ ሥራዬን አውቃለሁ እያልኩ ለራሴ የነገርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ክሊኒኩ አቤቱታውን ለቢሮው አመለከተ። ሙዲሩ አስጠርቶኝ አንቀጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ፣ እንደማላውቀው። የሆስፒታሉን ወጪ፣ የክሊኒኩን ካሣ፣ ሁሉንም እኔና ሐጃ ነን የምንከፍለው። ካልከፈልን ካርዴ ለፖሊስ ይሰጥና እኔ በረሃ ወዳለው ካምፕ፣ የሐጃ ቤት ወደ ዕዳ።

«የምትዪው አለሽ?» አለኝ።

ነበረኝ። መምሬ ጥያቄዬ ገብቷቸዋል፤ አውቀው ነው የደበቁት ማለት እችል ነበር። ያን ግን ካልኩ፣ ይምጡና ይጠየቁ ይባላል። እሳቸው የኔን ኃጢአት ለማንም ተናግረው አያውቁም። እኔ የሳቸውን ኀፍረት በየቢሮው እንዴት ልዘርግፍ? ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሙዲሩ እንደ ጥፋተኝነት ቆጠረው።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው። አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ቱቦው ከአንሶላው ሥር ወጥቶ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፤ እኔ መስኮቱን አያለሁ፣ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። በመጨረሻ «ወገቤ ተሻለኝ» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ስለ ውሉ አልነገርኳቸውም።

ሐጃን ግን መንገር ነበረብኝ። ኪስራቸውን እየገለበጡ ሰሙኝ። «ያ ቢቲ፣ እኔ የፈረምኩት ለአንቺ ነው እንጂ ለቄስ ሽንት ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «ቤቴን ቢወስዱት አብረን ካምፕ እንገባለን። ያኔ ከበሮውን ታመጫለሽ።» ደግ መሆናቸው ከስድብ በላይ አሳፈረኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

ለመምሬ የነገራቸው ተስፋይ ነው። እኔ እንዳልፈልግ ያውቃል፤ ሄዶ ነገራቸው።

ነገሩ ሊቆረጥ ቢሮ በተሰበሰብን ቀን፣ ሙዲሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ዶክተሯ ከጎኑ፣ እኔና ሐጃ በሩ አጠገብ ነበርን። መምሬ ተገኘ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ገቡ። ከጋቢያቸው ሥር ከረጢቱ እንዳለ አካሄዳቸው ይናገራል። ተነሥቼ መቀመጫ ልሰጣቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ይታይሽ፣ የምናገረውን ሁሉ አንድ ሳትቀንሺ ንገሪያቸው።»

«አባቴ፣ ይቅርብዎ።»

«ንገሪያቸው ብያለሁ።»

ከዚያ ቅዳሴ እንደሚያነቡ በዝግታ፣ ቃል በቃል እየለዩ ተናገሩ። «ከሁዳዴ ወዲህ ሽንቴ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ቆሜ እጠብቀዋለሁ፣ አይመጣም። ሳልጠብቀው ደግሞ ልብሴ ላይ ይመጣል። በዚህ ሰውነቴ መቅደስ አልገባም ብዬ ቅዳሴ ትቻለሁ። ይህቺ ልጅ ውጭ ለመውጣት ይቸገራሉ ወይ ስትለኝ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ከዳባት እስከ በየዳ ይህ የማይገባው ሰው የለም። የደበቅሁት እኔ ነኝ። ከሴት ፊት፣ ካጠመቅኋት ልጅ ፊት፣ አፍሬ ነው የደበቅሁት።»

እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ አልኩት። «ልብሴ ላይ ይመጣል» ላይ ስደርስ ድምፄ ከዳኝ። ቆመው ጠበቁኝ። «ቀጥይ» አሉ። ያኔ ማን የማን ነፍስ አባት እንደሆነ ጠፋብኝ። ንስሐቸውን በኔ አፍ ለባዕድ ሰው ተናገሩ፤ እኔ ግን እግዚአብሔር ይፍታዎ የማለት ሥልጣን የለኝም።

ሲያበቁ ሙዲሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ። ግን ይህን አሁን የተረጎመችው ማን ናት? ተከሳሿ ናት። እሳቸው ያሉትን መናገሯን በምን አውቃለሁ? ማን ያውቃል፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እያወሩ ይሆናል።»

ተስፋይ ከውጭ ተጠራ። መምሬም እንደ አዲስ፣ ከሁዳዴው ጀምረው፣ ሁሉንም ደገሙት። ተስፋይ እየሰማ ላቡን በእጅጌው ይጠርጋል። ተራው ሲደርስ ጣሪያውን አይቶ በእንግሊዝኛ፣ «አባታችን… ውሃ ነክ የሆነ ችግር እንዳለባቸው ይናገራሉ» አለ።

«ውሃ ነክ?» አለች ዶክተሯ።

«ከውሃ ጋር የተያያዘ።»

ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ተስፋይን አየች፣ እኔን አየች፣ መምሬን አየች። የገባት ያኔ ነው። «ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ?» አለች ቀስ ብላ።

ተስፋይ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ውጭ መውጣትማ ሁላችንም ተቸግረናል፤ ተቸግረን አይደል እዚህ ያለነው» አለ። በዚያ ሁሉ መከራ መሃል መምሬ ከንፈራቸው ዳር ፈገግ ሲሉ አየሁ። ያቺ ፈገግታ ባትኖር ያን ቀን አልችለውም ነበር።

ዶክተሯ አቤቱታዋን አነሣች። «የተነገራትን ነው የተናገረችው። ወንድ ሐኪም መጥራት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ሙዲሩ ወረቀቱን ከፍ አደረገው።

«አዝናለሁ። ውሉ ጥፋት የሚል ቃል የለበትም። ጉዳት ነው የሚለው። ምክንያቱ ምንም ቢሆን። ሽማግሌው ተጎድተዋል? ተጎድተዋል። አለቀ።»

ኀፍረት እስከ አንድ ልክ ድረስ አንገት ያስደፋል፤ ከዚያ ካለፈ የሚደፋ አንገት አይተርፍም። እኚህ ሰው እዚህ መሃል ቆመው ራሳቸውን ካዋረዱ በኋላ የምፈራው ምን ቀረኝ? «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አልተረጉምም» አልኩት። «ካርዴን ለፖሊስ ይስጡት። ልብስ ሰፊ ነው የሚለው፤ ካምፕም ውስጥ ልብስ ይቀደዳል።»

«እኔም ያንኑ ወረቀት ነው የፈረምኩት» አለ ተስፋይ። «ሌሎቹም ያንኑ ነው። ይህን ከሰሙ ነገ ማንም አይመጣም።»

ዶክተሯ ውሉን ከሙዲሩ እጅ ተቀብላ አነበበች። አይታው አታውቅም ኖሯል። «በዚህ ውል የፈረመ ሰው ነው ስትልክልኝ የኖርከው?» አለችው። «ሁሉም አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ቤታቸው የሚወሰድ እየመሰላቸው ነው እኮ የሚተረጉሙልኝ። ሰው እየፈራ እውነቱን ይነግረኛል? ይህ ካልተለወጠ ከዚህ ቢሮ ሰው አልቀበልም።»

ሙዲሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ትንንሽና የደከሙ ነበሩ፤ ክፉ ሰው ሳይሆን ነጋዴ ነው የሚመስለው። ሲከራከር፣ ሻይ ሲያዝ፣ ሲከራከር ቆይቶ በመጨረሻ «ምክንያቱ ምንም ቢሆን» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘና፣ «አስተርጓሚው አውቆ ቃል ቢለውጥ» ብሎ ጻፈበት። ለሁላችንም እንዲሆን አስፈረምነው። የኔና የሐጃ ዕዳም ቀረ፤ ካርዴንም ከመሳቢያው አወጣ። ዋሱም ይቅር ብንለው ግን አልሰማንም። «ዋስ ከቀረማ» አለ፣ «እውነትም ፍሪ ልትሆኑ ነው።»

ስንወጣ መምሬ እግር ሥር ተንበረከክሁ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። መስቀላቸውን ግን አላወጡም፤ እጃቸው ከጋቢው ሥር ከረጢቱን ይዟል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን የስደተኛ ከተማ ትንሽ ናት፣ ወሬ ይርባታል። ማን እንዳወራው አላውቅም፤ በሳምንቱ ሻይ ቤቶቹ ውስጥ ለመምሬ ተገኘ ሌላ ስም ወጣላቸው። «መምሬ ውጭ» አሏቸው። እሑድ እሑድ ለጸሎት በምንሰበሰብበት ግቢ ሲገቡ፣ ከኋላ ያሉት ጎረምሶች «መምሬ ውጭ ገቡ» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። አንድ ቀን እሳቸውም ሰሙት። መጽሐፉን ዘግተው፣ ጸሎቱን ሳይጨርሱ ወጡ።

ዶክተሯ ካርቱም ልካ ኦፕራሲዮን አስደረገችላቸው። ድነዋል፣ ቱቦውም ወጥቶላቸዋል ብላ ነገረችኝ። ገዳሪፍ ግን አልተመለሱም። የሚያውቃቸው ሰው ወደሌለበት አገር ሄደዋል ተባለ፤ አንዱ ከሰላ ይላል፣ አንዱ ፖርት ሱዳን ይላል። ከዚያ የመጣን መንገደኛ ሁሉ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያሉ ቄስ አላየሁም ይለኛል። እኔ ካርዴን በኪሴ ይዤ፣ በተሻሻለው ውል እየሠራሁ፣ በየማታው ለሐጃ ኪስራ አብሬ እየገለበጥኩ እኖራለሁ። ሰው «ጎበዝ፣ ሙዲሩን አስሰረዘችው እኮ» ሲለኝ ወሬ እቀይራለሁ። ያ ሰረዝ በማን ገመና እንደተሰረዘ አውቀዋለሁ።

ዓመቱ ዞሮ ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። በነጋዴ መልእክት ልኬ፣ በገበያ ቀን ዳባት ስልክ ቤት እንድትጠብቅ አድርጌ ነበር። ስንቱ ኦፕሬተር «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲባባል ቆይቶ ድምፅዋ መጣ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ።

«እማ!» ልል ስል ቀደመችኝ። «ጤና ይስጥልኝ። ማን ልበል?» አለች።

ገባኝ። ከኋላዋ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይሰማታል። ልጇ ደወለች ከሚባል መንገደኛ ወሬ አመጣላት ቢባል ይሻላል።

«ልጅዎን አውቃታለሁ» አልኩ። «ደውይልኝ ብላኝ ነው።»

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«ከስታለች?»

«አልከሳችም።»

ትንሽ ትንፋሽዋን ሰማሁ። «እስቲ ይህን ንገሩልኝ» አለች። «የነፍስ አባቷ መምሬ ተገኘ እሷ ያለችበት ከተማ ናቸው አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ ተኝቼ አድራለሁ። ከሳቸው አትራቂ በሉልኝ። የጨነቃትን ሁሉ ለሳቸው ትንገር፣ እሳቸው ይሸሽጓታል። ትሰሚያለሽ ወይ…» አለችና ደነገጠች። «ይሰሙኛል ወይ?»

«እሰማለሁ።»

«ይነግሯታል?»

ጊዜው አለቀ የሚል የኦፕሬተር ድምፅ መሃላችን ገባ። ለማንኛዋም ትልቅ ሴት የሚባል ነውና ማንም አይጠረጥርም ብዬ፣ «እነግራታለሁ፣ እናቴ» አልኩ። መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ አንዴ ደግሜ፣ «እናቴ» አልኩ።